ከዘመድና ከወዳጅ ጋር አገር ማየት
(በሬዲዮ የተነገረ)



በዓመት ፈቃዳችሁ ጊዜ ከቤተ ሰባችሁ ጋር ወደ ሩቅ ስፍራ ሄዳችሁ ስትመለሱ፣ በመሥሪያ ቤት ያለው ባልደረባችሁ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ምን አያችሁ?» ብሎ ነው። እናንተም ያያችሁትን ሕንጻ፣ የወጣችሁበትን ተራራ፣ ያደራችሁበትን ሆቴል ትቈጥሩለታላችሁ፤ ፎቶግራፉንም ታሳዩታላችሁ። ፎቶግራፉን ልብ ብላችሁ ብትመለከቱት ግን ከፊት ለፊት የቆሙት የራሳችሁ ልጆች፣ የራሳችሁ ባለቤትና የራሳችሁ ወዳጆች ናቸው። ልታዩት የሄዳችሁለት ነገር ከበስተኋላ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ከበስተኋላ ትንሽ ሆኖ ስለሚቀረው ስለዚያ ነገር ነው።

ይህን የተማርሁት በሰው አገር፣ በሰው ቤተ ሰብ መካከል ሆኜ ስለ ሆነ፣ ነገሩን እንዳየሁት አድርጌ ላውራችሁ። ለሥራ ትምህርት ወደ ኒው ዴልሂ ተልኬ ሦስት ወር በተቀመጥሁበት ጊዜ፣ ከሚያስተምሩን ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊ ነበር። በፈረንጆች የልደት በዓል ሰሞን ትምህርቱ ለጥቂት ቀናት ሲዘጋ፣ እናቱ፣ ባለቤቱ፣ ሁለት ልጆቹ፣ እንዲሁም ባልና ሚስት የሆኑ የቀድሞ ወዳጆቹ ከእንግሊዝ አገር መጡለት። ዴልሂን፣ አግራንና ጃይፑርን ሊያሳያቸው አንዲት አነስተኛ አውቶቡስ ከነሾፌሯ ተከራየና፣ «አንድ ወንበር ይተርፋልና አንተም አብረኸን ና» አለኝ። እኔም ደስ እያለኝ ተከተልሁ። በዚህ ንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የምዕራብ አገር ሰዎች ዘመድና ወዳጅ አስከትለው ህንድን መጐብኘት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የሱዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ የመርከቡ መንገድ አጠረ፤ ቶማስ ኩክ የተባለው የጉዞ አዘጋጅም በ1872 ተነሥቶ የመጀመሪያዎቹን የዓለም ዙሪያ መንገደኞች ሲመራ በህንድ በኩል አሳለፋቸው። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ዕዳውን ለመክፈል በየአገሩ ንግግር እያደረገ ሲዞር በ1896 ህንድ በደረሰ ጊዜ፣ ሚስቱና አንዲት ልጁ አብረውት ነበሩ። በ1962 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ዣክሊን ኬኔዲ ከእህቷ ጋር መጥታ በጃይፑር አጠገብ በዝሆን ጀርባ ላይ ተቀምጣ ታየች። በ1968ም ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን ዘፋኞች ሚስቶቻቸውንና ወዳጆቻቸውን ይዘው የጥሞና ትምህርት ለመማር ወደ ሪሺኬሽ ሄዱ። ከእነርሱ መካከል ሪንጎ ስታር የህንድ ምግብ እንደማይስማማው ስላወቀ በቆርቆሮ የታሸገ ቦሎቄ በሻንጣ ሞልቶ ወሰደ፤ ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ተቀምጦም ወደ አገሩ ተመለሰ።

በዚህ የሚስቅ ሰው ቢኖር፣ እኛም ከቤታችን ስንወጣ በሶውንና ድርቆሹን እንደማንረሳ ያስብ። ስንቅ መያዝ ነውር አይደለም። ነገር ግን ከዘመድ ጋር የሚጓዝ ሰው ከስንቅ የከበደ ሌላ ጓዝ አለው፤ ይኸውም ቤቱ ነው። ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ ቤቱን ከኋላው ትቶ ይሄዳል። ከነቤተ ሰቡ የሚሄድ ግን ቤቱን በሙሉ፣ ከነወሬው፣ ከነጭቅጭቁ፣ ከነፍቅሩ ተሸክሞ ይሄዳል። በሩን ካልከፈተም፣ በህንድ መካከል ተቀምጦ የሚያየው የራሱን ቤት ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ይህንኑ ነው። አስተማሪዬ በአንድ ወረቀት ላይ የየሰዓቱን መርሐ ግብር ልክ እንደ መሥሪያ ቤት የስብሰባ ማስታወቂያ አሳምሮ ጽፎ ነበር። ከጧቱ በ3 ሰዓት በዴልሂ ደቡብ ከሚገኘው ከቁጥብ ሚናር ደረስን። ይህ ግንብ ከ72 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ መሠራት የጀመረው በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። እኔን ግን ከግንቡ ይልቅ የማረከኝ በአጠገቡ የቆመው የብረት ዓምድ ነው። 7 ሜትር ያህል ቁመትና ከ6 ቶን በላይ ክብደት ያለው ይህ ዓምድ 1600 ዓመት ገደማ በዝናብና በፀሐይ ሲደበደብ ዝገት አልበላውም። ሊቃውንት እንደሚሉት፣ የጥንት ቀጥቃጮች ያነጠሩት ብረት ፎስፎረስ የበዛበት ስለ ሆነ በላዩ ላይ ስስ ሽፋን አበጅቶ ራሱን በራሱ ይጠብቃል። ቀድሞ ጐብኚዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ዓምዱን በሁለት እጃቸው ለማቀፍ ይሞክሩ ነበር፤ የቻለ ሰው ዕድሉ ይቀናል ይባል ነበርና። ከብዙ ሰው እጅ የተነሣ ዓምዱ እንዳይጐዳ በ1997 ዙሪያው ታጠረ። ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ዝናብ ያላሸነፈውን ብረት የጐብኚ እጅ እንዳያሸንፈው ተሰጋ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ሁማዩን መቃብር ሄድን። ይህ ሕንጻ በ1560ዎቹ የሞግሉን ንጉሥ የሁማዩንን ሞት ያዘነች ሚስቱ ያሠራችው ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ለተሠራው ለታጅ ማሐልም አርአያ ሆኗል። አስጐብኚው ይህን ሁሉ ሲያስረዳ፣ ሁለቱ ሚስቶች በእንግሊዝ አገር ስላለው ቤታቸው ጣራ ማፍሰስ ይነጋገሩ ነበር፤ ባሎቻቸው ስለ አንድ የቀድሞ ጓደኛቸው ፍቺ ያወሩ ነበር፤ ልጆቹም በቀዩ ድንጋይ ደረጃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይሯሯጡ ነበር። ልፈርድባቸው አልቻልሁም። እኔ ራሴ በመሥሪያ ቤት ለባልደረቦቼ የማሳየውን ፎቶግራፍ ለማንሣት ስሽቀዳደም አስጐብኚው ካለው እኩሌታውን አልሰማሁትም። ከዚህም የባሰ ጥፋት አለብኝ፤ እርሱን ወደ በኋላ እናዘዛለሁ።

ከመካከላችን በእውነት ያዩት አንዲት ሰው ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም የአስተማሪዬ እናት ናቸው። እኒህ አያት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እንደ ሌሎቹ ሊዘዋወሩ አልቻሉም። በደረስንበት ሁሉ ከአንድ ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር። የሚሮጥ ሰው ብዙ ነገር ያልፋል፤ በተቀመጠ ሰው ፊት ግን ብዙ ነገር ያልፋል። አያቲቱ አትክልተኛው ውኃ ሲያጠጣ፣ ሽኮኮ የሚመስሉት ትናንሽ አውሬዎች ከሰው እጅ ሲበሉ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ሲገቡ አዩ። ማታ በራት ጊዜ የሚተረክ ነገር የነበራቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

በማግሥቱ ወደ አግራ ወረድን። ዴልሂንና አግራን የሚያገናኘው አውራ ጐዳና በ2012 ተከፍቶ ጉዞውን አቅልሎታል። በአግራ አድረን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን፤ ምክንያቱም በወረቀቱ ላይ «ታጅ ማሐል፤ የፀሐይ መውጫ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። በሰሜን ህንድ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ከሆቴሉ ስንወጣ የአውቶቡሷ መስተዋት ከውስጥ በኩል በእስትንፋስ ደፍርሶ ነበር። አያቲቱ በሩን ሲከፍቱ ሾፌራችን በኋለኛው ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኙት። ሰውየው ደንግጦ ተነሣና «ይቅርታ፣ ማታጂ» አለ። ማታጂ ማለት እናቴ ሆይ እንደ ማለት ነው።

አያቲቱ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ይህ ሰው እዚህ እንደሚያድር ታውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁት። እርሱም መኪናውን ያከራየው ድርጅት ለሾፌሩ የማደሪያ ገንዘብ እንደሚከፍል በውሉ ላይ ተጽፎ ማንበቡን ነገራቸው። የተናገረው እውነት ነበር። ነገር ግን ፊቱ ቀላ። ሌላ ነገር ሳንናገር ሄድን።

ከታጅ ማሐል በር ስንደርስ የመግቢያውን ዋጋ ከፈልን። በዚያ ጊዜ የውጭ አገር ሰው 1100 ሩፒ፣ ህንዳዊው 50 ሩፒ ይከፍል ነበር፤ ወደ መቃብሩ ውስጥ ለመግባት የሚፈልግ ሰው ደግሞ 200 ሩፒ ይጨምራል። ይህን ያህል ከፍለን፣ ይህን ያህል ብርድ ችለን ገብተን ያየነው ምን ይመስላችኋል? ጉም! ከፊታችን ነጭ ጉም እንደ ግድግዳ ቆሟል። ታጅ ማሐል የለም። በዚያ ወራት የያሙና ወንዝ ዳርቻ በጉም መሸፈኑ የተለመደ ነገር ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን አልተጻፈም ነበር።

አስጐብኚያችን ሥራውን የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፣ ወደ ጉሙ እያመለከተ መናገር ጀመረ። ሻህ ጃሃን የሚወዳት ሚስቱ ሙምታዝ ማሐል በ1631 ዐሥራ አራተኛ ልጇን ስትወልድ መሞቷን፤ ሥራው በ1632 መጀመሩን፤ 20,000 ያህል ሠራተኞች እንደ ደከሙበት፤ ዕብነ በረዱ ከማክራና እንደ መጣ፤ ግቢው በሙሉ በ1653 ገደማ እንደ ተፈጸመ ነገረን። አራቱ ግንቦች ቀጥ ያሉ ቢመስሉም ወደ ውጭ ጥቂት ዘንበል ብለዋል፤ ቢወድቁ እንኳ በመቃብሩ ላይ እንዳይወድቁ ነው። በበሩ ዙሪያ የተቀረጸውም ጽሕፈት ከታች ሆኖ ለሚያነብበው ሰው እኩል መስሎ እንዲታይ ወደ ላይ በሄደ ቍጥር እየተለቀ ተሠርቷል። እኔ በሬዲዮ የምሠራ ሰው ነኝና ይህን አስጐብኚ እጅግ ወደድሁት። የማይታይን ነገር በቃል ብቻ ለሰው ማሳየት የኔም ሥራ ነው።

አስተማሪዬ ግን ተበሳጭቶ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር። በዚህ ጊዜ ከገጠር የመጡ አንድ ቤተ ሰብ ወደ እኛ ቀረቡ። አንዲት ባልቴት፣ ወንዶች ልጆቻቸው፣ ምራቶቻቸውና ብዙ ሕፃናት ነበሩ፤ በባቡር ሌሊቱን ሲጓዙ አድረዋል። እንግዲህ እነርሱም እንደ እኛው ዘመድ አዝማዳቸውን ይዘው አገር ለማየት የወጡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጐልማሳ ስልኩን አሳይቶ፣ ከእናንተ ጋር ፎቶግራፍ እንነሣ ሲል በትሕትና ጠየቀ። አስተማሪዬ ገንዘብ ሊጠይቁን ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ «አይሆንም፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ጐልማሳው ምንም አልተናገረም፤ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። እኔ ግን አንድ ሰው በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ሲመለስ አየሁና አፈርሁ።

አያቲቱ ከተቀመጡበት ሆነው ይህን ሁሉ ይመለከቱ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ባልቴቲቱን ጠሯቸው፤ ከአጠገባቸውም አስቀመጧቸው። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም። ባልቴቲቱ ሲቀመጡ ጉልበታቸውን ይዘው «እፍ» አሉ። አያቲቱም የራሳቸውን ጉልበት አሳዩአቸው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተሰበሰቡ፤ ሕፃናቱ ከሕፃናቱ ጋር ተጠጋጉ፤ ፎቶግራፉም ተነሣ። ገንዘብ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጉሙ መሳሳት ጀመረ። በመጀመሪያ የጕልላቱ ጫፍ ብቻ በሰማይ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሆኖ ታየ፤ ቀጥሎ ነጩ ግድግዳ፣ በመጨረሻም አራቱ ግንቦች ወጡ። የተናገረ ሰው አልነበረም። አስተማሪዬ እንደ ልማዱ ቤተ ሰቡን ፊት ለፊት አሰልፎ ለማንሣት ፎቶግራፍ ማንሻውን ይዞ ዞር ቢል፣ ሁለቱ አሮጊቶች ነጠላ የሚመስል ልብሳቸውን ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ጕልላቱን ሲመለከቱ አገኛቸው። ሳይጠራቸው ከበስተኋላቸው አነሣቸው። በጠቅላላው ጉዞ ካነሣቸው ፎቶግራፎች ውስጥ የማንም ፊት የማይታይበት ይህ ብቻ ነው።

ከዚያም ወደ አግራ ምሽግ ሄድን። ሻህ ጃሃን በ1658 በገዛ ልጁ በአውራንግዜብ ከዙፋኑ ወርዶ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1666 ድረስ የታሰረው በዚህ ነው። በእነዚያ ዓመታት ልጁ ጃሃናራ ሳትለየው አስታማዋለች፤ ለሚስቱ ያሠራውንም መቃብር በሩቁ ይመለከት ነበር።

ወደ ጃይፑር ስንነሣ በአውቶቡሷ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ሾፌሩ ጥቂት ርቆ ሻንጣ ይጭን ነበር። የወዳጁ ሚስት «ዛሬ ማታ ክፍል እንከራይለት» አለች፤ ባሏ «ገንዘቡን በእጁ ብንሰጠው ይሻላል» አለ፤ አስተማሪዬ ደግሞ «ውል ውል ነው፤ ድርጅቱ ከከፈለው በኋላ እኛ ምን አገባን?» አለ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አድማጮቼ፤ እናንተ ለመስክ ሥራ ወጥታችሁ የምታውቁ የመንግሥት ሠራተኞች በዚያ ወንበር ላይ ብትቀመጡ ምን ትመልሱ ነበር? እኔ ስለ ውሎ አበል አስረዳኋቸው። በአገሬ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ክልል በተላከ ጊዜ ከዘመድ ቤት አድሮ፣ ሽሮ በልቶ፣ ከአበሉ የተረፈውን ለልጆቹ ደብተርና ጫማ እንደሚያውል ነገርኋቸው። ይህንንም የማደርገው ሰው አንዱ እኔ መሆኔን አልደበቅሁም። «ስለዚህ ክፍል ብትከራዩለት ምናልባት አትጠቅሙት ይሆናል፤ ራሱን ጠይቁት» አልሁ። ይህን ስናገር ግን ልቤ ወቀሰኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላው ተቀምጬ ስሄድ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር። እናዘዛለሁ ያልኋችሁ ጥፋት ይህ ነው። ቤታቸውን ተሸክመው መጥተዋል ብዬ ስታዘባቸው የነበርሁት እኔ፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ ቤት ተዘግቼ ነበር።

አያቲቱ ጠየቁት። ሾፌሩም ሳያፍር መለሰላቸው፤ «ማታጂ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። እኔ የማልተኛበትን ገንዘብ እነርሱ ይማሩበታል። ብርድ ልብሴ ይበቃኛል። እኔ ግን አንድ ልመና አለኝ፤ በመንገድ ላይ ሻይ ልጋብዛችሁ እፈልጋለሁና እምቢ እንዳትሉኝ» አላቸው።

በመንገዳችን ፋቴፑር ሲክሪን አየን። ንጉሡ አክባር በ1571 ቆርቍሮት በ1585 ትቶት የሄደ፣ በቀይ ድንጋይ የተሠራ ባዶ ከተማ ነው። በዚያ በሚገኘው በሼህ ሳሊም ቺሽቲ መቃብር የዕብነ በረድ መስኮት ላይ ልጅ የሚለምኑ ሰዎች ያሰሩት ክር ቍጥር የለውም። ከዚያ እንደ ወጣን ሾፌሩ ከአውራ ጐዳናው ዳር፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሚበሉበት አንድ ምግብ ቤት ፊት አቆመ።

የልጆቹ እናት በመጀመሪያ ተጨነቀች። ከእንግሊዝ አገር ከወጡ ጀምሮ ልጆቿ የበሉት ከሆቴል ማእድ ወይም ከታሸገ ነገር ብቻ ነበር። ሻይው ከወተቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሲንተከተክ ባየች ጊዜ ግን ፈቀደች። በሸክላ ስኒ ቀረበልን፤ በምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገር ትኩስ ቂጣና የእኛን ምስር ወጥ የሚመስል ዳል ተከተለው። ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ ተቀመጠ። የልጆቹን ፎቶግራፍ አወጣ፤ አያቲቱም የልጅ ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ስበው አወዳደሩ። ትልቋ ልጅ የሒሳብ ትምህርት እንደምትወድ፣ ታናሺቱ ግን እንደማትወድ ሰማን። በእንግሊዝ አገር ያለው ጣራ በዚያ ገበታ ላይ አልተነሣም።

አስተማሪዬ ለመክፈል ቦርሳውን ሲያወጣ ሾፌሩ እጁን ያዘው። «መኪና ስነዳ ገንዘብህን እቀበላለሁ፤ ማዕድ ሳቀርብ ግን አልቀበልም» አለው። በህንድ እንግዳን እንደ አምላክ ቈጥሮ መቀበል የሚያዝዝ ጥንታዊ ትምህርት አለ። እኔ ይህን ስሰማ በአገራችን ሲመሽ ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» የሚለውን መንገደኛ አስታወስሁ። በሁለቱም አገር ሰው ከሩቅ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም ተብሎ ይታመናል ማለት ነው። አስተማሪዬም ቦርሳውን መለሰና በሁለት እጁ አመሰገነ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኛ የዚያ ሰው ደንበኞች መሆናችን ቀርቶ እንግዶቹ ሆንን። ልዩነቱ በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ይለያል፤ እንግዳ ግን ውለታ ይዞ ይሄዳል እላችኋለሁ።

ጃይፑርን በ1727 የቆረቈራት ንጉሡ ጃይ ሲንግ ሁለተኛ ነው። ዛሬ ሮዝ ከተማ ትባላለች። አስጐብኚው ምክንያቱን ሲነግረን ሁላችንም ተያየን። በ1876 የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ የዌልስ ልዑል ሊጐበኛት በመጣ ጊዜ፣ እርሱን ለመቀበል ከተማዋ በዚህ ቀለም ተቀባች። እንግዲህ አንዲት ከተማ ለአንድ ምዕራባዊ እንግዳ ብላ ልብሷን ለወጠች፤ ዛሬም ድረስ ያንኑ ልብስ እንደ ለበሰች ናት። እንግዳ የሚያየው ብዙ ጊዜ ለእርሱ ሲሉ የተቀቡትን ነገር ነው። ከቀለሙ በስተጀርባ ያለውን ለማየት ሻይ መጠጣት ያስፈልጋል።

በዚያችው ከተማ በ1799 የተሠራው ሃዋ ማሐል፣ ማለት የነፋስ ቤተ መንግሥት፣ 953 ትናንሽ መስኮቶች አሉት። የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ራሳቸው ሳይታዩ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው እንዲያዩ ታስቦ የተሠራ ነው። የአስተማሪዬ ትንሿ ልጅ ይህን እንደ ሰማች፣ ባዶ ወደ ሆኑት መስኮቶች ቀና ብላ እጇን አወዛወዘች። ከአዋቂዎቹ ይልቅ ሕፃኒቱ ነገሩን አስተውላዋለች፤ ጐብኚ እኔ ብቻ አያለሁ ብሎ ሲያስብ፣ ከሺህ መስኮት እየታየ መሆኑን ይረሳል።

በመጨረሻ ያየነው ጃንታር ማንታር የተባለውን የከዋክብት መመልከቻ ስፍራ ነው። በዚያ 27 ሜትር ከፍታ ያለው የፀሐይ ሰዓት አለ። ከትልቅነቱ የተነሣ ጥላው በየደቂቃው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲራመድ በዓይን ይታያል። አስተማሪዬ ወረቀቱን አጥፎ ከኪሱ ከተተና ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለቱም ጥላው ሲሄድ ተመለከቱ።

ከዚያ ተለያየን። እነርሱ ወደ ዴልሂ ሲመለሱ፣ እኔ የቀረኝ ሁለት ቀን ስለ ነበረ በሌሊት ባቡር ወደ አህመዳባድ ወረድሁ። የሄድሁበትም ምክንያት በዚያ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ስላለ ነው። ይህን መስጊድ በ1572ና በ1573 ያሠራው ከእኛ አገር ወገን የሆነ፣ ህንዶች ሐበሺ ከሚሏቸው መኳንንት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የሐበሻ ልጆች በባርነት ባሕር ተሻግረው ከሄዱ በኋላ፣ በጀግንነታቸውና በብልኀታቸው የጦር አለቆችና ሹማምንት ሆነዋል። ከእነርሱም ዋነኛው በ1548 ገደማ የተወለደው ማሊክ አምባር፣ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ የአህመድናጋርን መንግሥት ሲመራ የሞግሎችን ጦር አስቸግሯል፤ ከተዋጉትም የሞግል ልዑላን አንዱ ገና ያልነገሠው የታጅ ማሐሉ ሻህ ጃሃን ነበር።

መስጊዱ ትንሽ ነው፤ መኪና በዙሪያው ይጋፋል። በስተኋላ በኩል ግን ከድንጋይ የተፈለፈለ መስኮት አለው፤ ዛፍና ዘንባባ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው እንደ ዳንቴል ሆነው ተቀርጸውበታል። የፀሐይዋ ብርሃን በቅርንጫፎቹ መካከል ሲያልፍ ቆሜ አየሁ። አንድ ሰው ይህን ድንጋይ ሲያስፈለፍል የተነጠቀበትን አገር ዛፍ አስቦ ይሆን? ብዬ ጠየቅሁ፤ የሚመልስልኝ ግን አልነበረም። ወዲያው አንድ የጐብኚዎች አውቶቡስ ቆመ። ምዕራባውያን ቤተ ሰቦች ወርደው በመስኮቱ ፊት ልጆቻቸውን አሰልፈው ፎቶግራፍ አነሡና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሄዱ። አላዘንሁባቸውም። እንዲያውም ቀናሁባቸው። እነርሱ የሚያዩትን ብዙም አላዩትም፤ ነገር ግን የሚያሳዩት ሰው ከአጠገባቸው ነበረ። እኔ ደግሞ በሚገባ አየሁ፤ «እዩት፣ ይህ የእኛ ሰው ሥራ ነው» ብዬ የምነግረው ግን እናቴም ልጄም በአጠገቤ አልነበሩም።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮች፤ ከቤተ ሰብ ጋር አገር ማየት ከንቱ ነው አልላችሁም። ደስታው እጥፍ ነው፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ። ነገር ግን የተሸከማችሁትን ቤት በር ክፈቱት። ከሽማግሌዎቻችሁ ጋር ቁጭ በሉ፤ እነርሱ የሚዘገዩት ለእናንተ ጥቅም ነው። የሚነዳችሁን ሰው ስሙን በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁት። የአገሩ ሰው አብረን ፎቶግራፍ እንነሣ ቢላችሁ፣ እርሱም እንደ እናንተው ዘመዱን ይዞ የወጣ መንገደኛ ሊሆን ይችላልና ፊታችሁን አታዙሩበት። እኛም በላሊበላና በጐንደር የሰው አገር ቤተ ሰብ የምንቀበል ሕዝብ ነን፤ የዚያ ሾፌር ገበታ ለእኛም ትምህርት ይሁነን።

እኔ በበኩሌ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እናቴን ይዤ ወደ አህመዳባድ ልመለስ ተስሏል። እርሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ቦታ ግን አይቼላቸዋለሁ።